በጃፓን ብርድ ያልተሰማው እግሬ

ከጃፓን ከተመለስኩ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ፈጣኑ ባቡር ይጠይቀኛል። አሊዩ አምባ ስወርድ ደግሞ ዘመዶቼ «እውነት ዓሣ በጥሬው ይበላሉ?» ይሉኛል። ባቡሩም ይፈጥናል፣ ዓሣውም በጥሬው ይበላል፤ ለሁሉም እንደየጥያቄው መልሻለሁ። እኔ ግን ጃፓን ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የገዛ ግራ እግሬ ነው። እዚያ አገር ካየሁት ሁሉ እሱን ያህል ትኩር ብዬ ያየሁት ነገር የለም፤ እሱን ያህል ያስፈራኝም የለም። ወደዚያ መሄድ ያልገጠመው ሰው ባቡሩን በቴሌቪዥን ያየዋል፤ የእግሬን ነገር ግን ከእኔ በቀር የሚነግረው አያገኝምና ልጻፈው።

ደብረ ብርሃን የምሠራው በአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው፤ የማሽን ቴክኒሽያን ነኝ። ብርድ ልብሱን እየቦረሸ የሚያፈካ ማሽን ከጃፓን መጣና አያያዙን እንድማር ለሦስት ወር ተላክኩ። ከመሄዴ በፊት እናቴን ልሰናበት አሊዩ አምባ ወረድኩ። የገበያ ቀን ስለነበር በግመልና በአህያ መካከል እየተሽሎከሎኩ ነው ቤት የደረስኩት። እናቴ የገብስ ቆሎ፣ በሶና በርበሬ ጠቅልላ አስቀምጣለች።

«ሰዒዴ፣ ሰው ቤት ነው የምታርፈው አሉ» አለችኝ። «አደራህን፣ እንዳታሰድበን። ሥርዓት ይዘህ ተቀመጥ።»

አጎቴ ሙሄ ከደጅ ቆሞ መረቀኝ። እጁን አልሰጠኝም፤ ለማንም አይሰጥም። በወጣትነቱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አንድ ነገር ወጣበት። አላመመውም፣ አላሳከከውም፤ ስላላመመውም ዝም አለው። የሥጋ ደዌ መሆኑ ታውቆ መድኃኒቱን ጨርሶ እስኪድን ድረስ ጣቶቹ ቆልመም ብለው ቀሩ። የጤና ጣቢያ ሰዎች «ድኗል፣ ወደ ሰው አይተላለፍም» ብለው ስንቴ ተናገሩ! ሰዉ እሺ እሺ ይልና ሰደቃ ላይ ግን ከጎኑ ክፍት ቦታ ይተዋል። የሚጠጣበትም ጣሳ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። እኔ ያደግኩት ያንን ጣሳ እያየሁ ነው።

በማግስቱ ሚኒባሱ አቀበቱን ተያያዘው። ከአሊዩ አምባ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው አንኮበር ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ያሰረው ረዳት «ይሄ ሁሉ ቆሎ ነው ጃፓን የሚሄደው?» ብሎ መንገዱን ሙሉ ሳቀብኝ። ደብረ ብርሃን አድሬ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከዚያ ወደ ቦሌ። አውሮፕላን ውስጥ አሳማ እንዳያጋጥመኝ ስለፈራሁ ምግብ በመጣ ቁጥር «ዓሣ» እያልኩ ዓሣ ከሌለ ዳቦ ብቻ እየበላሁ ተጓዝኩ።

ኦሳካ ስንደርስ ሻንጣ ፈታሹ ቆሎዬን በጓንቱ ዘገነና አሸተተ። በቃ፣ አሁን ሊያስረኝ ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ሰውዬው ግን ፈገግ ብሎ መለሰልኝ። ነገሩ የገባኝ ካረፍኩበት ቤት ስደርስ ነው፤ እነሱም ገብስ ይቆላሉ። ግን አይቆረጥሙትም፤ ቀቅለው ውኃውን ይጠጣሉ፤ ገብሱን ይደፉታል! ይህንን ለእናቴ በስልክ ብነግራት «እህሉን? አስተግፊሩላህ!» አለች።

ያረፍኩት ከኦሳካ በባቡር ራቅ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ከፋብሪካው ጡረታ በወጡ አንድ ሽማግሌ ቤት ነው። ስማቸው ሃራዳ፣ ባለቤታቸው ፉሚኮ ይባላሉ። እኔ በልቤ ጋሽ ሃራዳና እትዬ ፉሚኮ ነበር የምላቸው። ዩይ የምትባል ገና ትምህርት ቤት ያልገባች የልጅ ልጅ አብራቸው ትኖራለች። አንድም ሰው አማርኛ አያውቅም፣ እንግሊዝኛቸውም በጣት የሚቆጠር ቃል ነው። የእኔ ጃፓንኛ ደግሞ ሰላምታ፣ ምስጋና፣ የማሽን ዕቃ ስም፣ «ሐኪም»፣ «ያማል» እና «የለም» ነበር።

ደግነታቸውን ጽፌ አልጨርሰውም። እትዬ ፉሚኮ አሳማ አለመብላቴን ሲረዱ ጓዳ ባለው የታሸገ ምግብ ሁሉ ላይ፣ አሳማ ያለበትን እየለዩ፣ በቀይ እስክሪብቶ የአሳማ አፍንጫ ሣሉበት።

የመጀመሪያው ዕለት እራት ላይ ወንበር የለም። ወለሉ እንደ ሰሌን ያለ ደረቅ ምንጣፍ ለብሷል፤ ገበታው ዝቅ ያለ ነው። እኔም ሶላት ላይ ለአተህያቱ እንደምንቀመጠው ተንበርክኬ፣ እግሬን ከስሬ አጥፌ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሃራዳ በአድናቆት አጨበጨቡ። ለካ የእነሱ የአክብሮት አቀማመጥ ይኸው ኖሯል፤ ከዚያ በፊት የመጡት የውጭ አገር ሰልጣኞች አፍታም መቀመጥ አቅቷቸው ነበር አሉ። ጎረቤት ሲመጣ እንኳ ወደኔ እያመለከቱ ያሳዩኝ ጀመር። እኔም ኩራት ገባኝ። እትዬ ፉሚኮ ማታ ማታ በእጃቸው «እግርህን ፍታ» እያሉ ቢለምኑኝም፣ ታላላቆች ፊት እግር መዘርጋት አይሆንልኝም። እራት ላይ፣ ቴሌቪዥን ስናይ፣ ጋሽ ሃራዳ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ፣ ሁልጊዜ እንደዚያው ቀጥ እንዳልኩ ነው።

ሌላው ገንዳው ነው። በየማታው አንድ ገንዳ ሙቅ ውኃ ይሞላል። ሰው መጀመሪያ ከውጭ ተለቃልቆ፣ ከዚያ ገብቶ ይዘፈዘፋል። ሲወጣ ውኃው አይደፋም፤ ተከታዩ ሰው እዚያው ይገባል። እንግዳ ይቀድማል፤ ስለዚህ እኔ፣ ከእኔ ቀጥሎ ጋሽ ሃራዳ፣ በመጨረሻ እትዬ ፉሚኮና ዩይ። በመጀመሪያ ቀፎኝ ነበር። ከዚያ የደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚያስንቅ ብርድ ሲመጣ ወደድኩት።

የመጨረሻው ወር እንደገባ፣ እሑድ ለፈጅር ሶላት ውዱ ሳደርግ ነው ነገሩ የተጀመረው። የቧንቧው ውኃ በረዶ ነው። ቀኝ እግሬ ላይ ሳፈሰው ዘለልኩ። ግራው ላይ ስደግም ግን ከቁርጭምጭሚቱ በታች ምንም አልተሰማኝም። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በውጭ በኩል፣ አጥንቱ ወጣ ካለበት ቦታ ላይ፣ የጠቆረና የደነደነ ቆዳ አለ። ቆነጠጥኩት። የሌላ ሰው እግር የቆነጠጥኩ ያህል ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ደግሜ ቆነጠጥኩት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ወዲያው አጎቴ ሙሄ መጣብኝ። አያምም፣ አያሳክክም።

ሰኞ ፋብሪካ ውስጥ ብርድ ልብስ የሚጠግኑበትን መርፌ አንስቼ ሽንት ቤት ገባሁ። ወጋሁት። ደም ወጣ፤ ሕመም የለም። አሠልጣኙ ማሽኑን ሲያስረዳኝ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አልሰማውም። ስልኬ ቋንቋ ይተረጉማልና «የሥጋ ደዌ» ብዬ ጻፍኩበት፤ በእነሱ ፊደል ተለውጦ ሲመጣ ደንግጬ አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና አጠፋሁ።

እንደሚመልሱኝ አሰብኩ። ከእኔ ቀድሞ ወሬው አሊዩ አምባ እንደሚደርስ፣ እናቴ ሁለተኛ ጣሳ ለብቻው እንደምታስቀምጥ አሰብኩ። ይህም ሁሉ ይሁን፣ የአላህ ትእዛዝ ነው። ያላስቻለኝ የገንዳው ነገር ነው። በየማታው ቀድሜ የምገባ እኔ፣ በእኔ ውኃ የምትንቦጫረቅ ያቺ ሕፃን! መተላለፊያው ሌላ ነው፣ በውኃ አይደለም ብሎ ያስተማረንን የጤና ባለሙያ አስታወስኩ። ግን ፈሪ ሰው ትምህርቱ አያድነውም። እንግዳ ብለው ያስቀደሙኝን ሰዎች የበከልኳቸው መሰለኝ።

ማታ «ኦፉሮ» ብለው ወደ ገንዳው ሲጠሩኝ እምቢ አልኩ። ጉንፋን ይዞኛል ለማለት አስነጠስኩ። እትዬ ፉሚኮ ወዲያው ዝንጅብል አፍልተው አመጡልኝ። ዝንጅብል ሳይ አገሬ ትዝ አለኝና እንባዬን ዋጥኩት።

ማክሰኞም እምቢ አልኩ። ጋሽ ሃራዳ ነገሩን የውኃው ጥፋት አድርገው ወሰዱት። ከፋብሪካ ስመለስ እጅጌያቸውን ሰብስበው የውኃ ማሞቂያውን ፈታተዋል፤ ብሎኑ ወለሉ ላይ ተዘርግፏል። «ሙቅ? ቀዝቃዛ?» እያሉ በምልክት ይጠይቁኛል። ማሽን የምፈታ ሰው ሆኜ አጠገባቸው ቆሜ ሳልረዳቸው ቀረሁ። እጄ ዕቃቸውን እንዳይነካ ፈርቼ ነው። እሳቸው ግን ቀና ብለው ሲያዩኝ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

እኛ ዘንድ ቢሆን ይህን ጊዜ ጎረቤት ሁሉ «ምን ሆነሃል? ገርጥተሃል!» ብሎ አስጨንቆ ያናዝዘኝ ነበር። እነሱ ሰውን አያስጨንቁም፤ ዝም ብለው ትራሴን በሌላ ወፍራም ትራስ ለወጡልኝ።

ረቡዕ ከሥራ ስገባ ዩይ የቤት ጫማዬን አጥልቃ በኮሪደሩ ትጎትታለች። በባዶ እግሯ ነው። «ተይ! አውልቂ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩባት። ልጅቱ ክው ብላ ቀረች፤ ከዚያ ለቅሶ። ጋሽ ሃራዳ ከክፍላቸው ብቅ አሉ፤ እትዬ ፉሚኮ ከጓዳ። እኔ ጫማውን በሁለት ጣት አንጠልጥዬ ቆሜያለሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እግሬን በጣቴ አመለከትኩና «ኢሻ» አልኩ፤ ሐኪም ማለት ነው። ካልሲውን ግን አላወለቅኩም። እትዬ ፉሚኮ ጠጋ ሊሉ ሲሉ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ስልክ ደወሉና ለነገ ቀጠሮ ያዙልኝ፤ አብሬህ ልሂድ ሲሉኝ ብቻዬን ነው አልኩ። መንገዱን በወረቀት ሣሉልኝ። ከዳቦ ቤቱ ወደ ግራ፣ ድልድዩን አልፎ።

ሐሙስ ዝናብ ያካፋ ነበር። የቆዳ ሐኪሙ ቤት ከውጭ ሲያዩት መኖሪያ ቤት ነው። አገሬ ሐኪም ቤት ስንሄድ ሦስት አራት ሆነን ነው፤ አንዱ ካርድ ያወጣል፣ አንዱ ወረፋ ይይዛል፣ አንዱ በሽተኛውን ያጽናናል። እዚህ ብቻዬን በሩን ከፍቼ ገባሁ፤ እግሬም እዚያው በሩ ላይ ተገተረ። ለካ ጫማ አውልቆ፣ ከመደርደሪያው የሕዝብ ነጠላ ጫማ አንስቶ ማጥለቅ ግዴታ ነው! ያንን ጫማ ማን ነው ቀጥሎ የሚያደርገው? በካልሲዬ ልለፍ ስል የካርድ ክፍሏ ልጅ እየሮጠች አንድ ጥንድ አቀበለችኝ። አመሰገንኩና ጫማውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያሉ አንዲት እናት የተኛ ልጃቸውን ታቅፈው አንዴ እኔን፣ አንዴ ጫማውን ያያሉ።

በሩ ተከፍቶ እትዬ ፉሚኮ ገቡ። በብስክሌት ነው የመጡት፤ ፀጉራቸው ረጥቧል። ጥዬው የመጣሁትን ጃንጥላ አሳዩኝና፣ ያንን ከሰጡ በኋላ መሄድ ሲገባቸው፣ አጠገቤ ቁጭ አሉ። አስታማሚ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ደስ አለኝ፤ ደግሞ ፈራሁ። የሐኪሙን ቃል ከእኔ ቀድመው የሚረዱት እሳቸው ናቸውና።

ሐኪሟ ፀጉራቸው የሸበተ፣ አጠር ያሉ ሴት ናቸው። ስሜ ሲጠራ ብቻዬን ገባሁ። ካልሲዬን አወለቅኩ። «ያማል፣ የለም» አልኩ፤ ያለኝ ጃፓንኛ ያው ነው። ጓንት አጠለቁና አገላብጠው አዩኝ። ከዚያ ቀጭን ብሩሽ አወጡ። በእጃቸው ዓይናቸውን ሸፍነው አሳዩኝ፤ ጨፍን ማለት ነው። ብሩሹ ሲነካህ «ሃይ» በል አሉኝ በምልክት፤ እሺ እንደማለት ነው።

ጨፈንኩ። ቀኝ እግሬን ነካኝ፤ «ሃይ» አልኩ። እንደገና ነካኝ፤ «ሃይ»። ከዚያ ጸጥ አለ። ጠበቅኩ። አልጀመሩም ይሆን? ወይስ እየነኩኝ ነው? ጆሮዬን ጣልኩ፤ የወንበራቸውን ሲጥሲጥታ ብቻ ሰማሁ። «ሃይ» ብዬ ልዋሽ ዳዳኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ጨለማ ያስፈራኝ ነገር የለም። ዓይኔን ስገልጥ ብሩሹ ግራ እግሬ ላይ ነበር።

ከዚህ በላይ መታገስ አልቻልኩም። ስልኬን አወጣሁና «የሥጋ ደዌ ነው ወይ?» ብዬ ጽፌ፣ ሳላጠፋው ሰጠኋቸው። አነበቡት። ፊታቸው ተለወጠ። እዚያም አገር ድሮ የዚህን በሽታ ሕመምተኞች ከቤተሰብ ነጥለው ያኖሩ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቀስ ብለው ጓንታቸውን አወለቁ። ግራ እግሬን በባዶ እጃቸው፣ በሁለት መዳፋቸው ያዙና ዓይኔን እያዩ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። «ናይ» አሉ። የለም።

አላመንኳቸውም። አዝነውልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ያኔ እግሬን ከፍ አድርገው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አንድ ቦታ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ኤሌክትሪክ የመሰለ ነገር እስከ ጣቶቼ ነዘረኝ። «ሃይ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሳልጠየቅ። ሐኪሟ ሳቁ። ከዚያም ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ካልሲ አወለቁ።

ቁርጭምጭሚታቸው ሥር፣ ልክ እንደኔው፣ የጠቆረና የደነደነ ቆዳ! ያ ረቢ፣ ሐኪሟንም ይዟቸዋል! ለካ በባዶ እጅ የነኩኝ ለዚህ ነው! ከወንበሩ ተነስቼ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ሴትዮዋ ግን ወለሉ ላይ ፎጣ አነጠፉና ተንበረከኩ፤ እግራቸውን ከስራቸው አጥፈው፣ ጀርባቸውን አቅንተው ተቀመጡ። ያንን የደነደነ ቆዳ፣ ቀጥሎ ወለሉን፣ ቀጥሎ እኔን በጣታቸው አመለከቱ።

እኔም ያንጊዜ ተንበርክኬ አሳየኋቸው። ልክ እራት ላይ እንደምቀመጠው።

እትዬ ፉሚኮ ተጠሩ። ሐኪሟ ሲጠይቋቸው አንድ ወገን ሳቅ አንድ ወገን ቁጣ ሆነው መናገር ጀመሩ። ቃሉ ባይገባኝም ድርጊቱ ገባኝ፤ ምርኩዝ እንደዋጠ ሰው ጀርባቸውን ገትረው እኔን ሆነው አሳዩ፤ «እግርህን ፍታ» እያሉ የለመኑበትን እጃቸውን፣ እኔ «አይ፣ አይ» የምልበትንም አንገት። ሐኪሟ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እትዬ ፉሚኮም ካልሲያቸውን ዝቅ አደረጉ። እሳቸውም አላቸው! ለካ በዚያ አገር ዕድሜ ልኩን እንደዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያለው ምልክት ነው። እነሱ ግን ሲደክማቸው እግራቸውን ይፈታሉ። እኔ ይሉኝታና ኩራት ተባብረው ይዘውኝ፣ በየማታው ሙሉ ክብደቴን አንድ የስሜት ጅማት ላይ ጭኜ አደነዘዝኩት።

ሐኪሟ በወረቀት እግር ሣሉ፤ በውስጡ የሚወርደውን ጅማት በሰማያዊ፣ የሚጫነውን ቦታ በቀይ። ተንበርክኮ የተቀመጠ ሰው ሣሉና ሰረዙበት። ደነገጥኩ። ሶላቴስ? እጄን ወደ ጆሮዬ አንስቼ፣ ሰግጄ፣ ለአተህያቱ ተቀምጬ አሳየኋቸው። አሰብ አደረጉና ፎጣውን አጣጥፈው ከቁርጭምጭሚቴ ሥር ሸጎጡልኝ። አጭር ከሆነ ይቻላል፣ እንዲህ አድርገህ። እንደ እራት አይረዝምም ብዬ በእጄ ሳሳያቸው እንደገና ሳቁ። ቅባት ሰጡኝ። እግሬ እስከምመለስ ድረስ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ።

መውጫው ላይ ነጠላ ጫማዎቹን ወደ መደርደሪያው ስመልስ እትዬ ፉሚኮ ክንዴን ያዙኝ። ምን ፈርቼ እንደሰነበትኩ ሐኪሟ ነግረዋቸው ኖሯል። ጃንጥላውን ለሁለታችን ዘርግተው ብስክሌቱን እኔ እየገፋሁ ተመለስን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ግን ዞር ብለው አለቀሱ።

ማታ ገንዳው ተሞላ። እትዬ ፉሚኮ ፎጣ ይዘው «ሳይዶ ሳን፣ ኦፉሮ?» አሉኝ፤ ሰዒድን በአፋቸው ሳይዶ ነው የሚሉት፣ ሳን ደግሞ የአክብሮት ነው፤ ድምፃቸው ገና ፈራ ተባ ይላል። ገባሁ። ጋሽ ሃራዳ ማሞቂያውን ፈታትተው ሲገጥሙት ከድሮው ይበልጥ የሚያቃጥል አድርገውታል፤ እስከ አንገቴ ተዘፈዘፍኩና አልሐምዱሊላህ አልኩ። ስወጣ ጋሽ ሃራዳ ገቡ፤ እሳቸው ሲወጡ ደግሞ እትዬ ፉሚኮ ዩይን ይዘው ሊገቡ ሆነ። ከትናንት ጀምራ ያኮረፈችኝ ልጅ በአጠገቤ ስታልፍ ምላሷን አወጣችብኝ። እኔ ገበታው ሥር እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ውኃው ውስጥ ቦጭረቅ ብላ ስትገባ ሰማሁ፤ ከዚያ እየተንቦጫረቀች መሳቅ ጀመረች፤ እኔም ወደ ግድግዳው ዞሬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።